አክሱም ያለ ንጉሥ እንዴት ከረመች

(ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ የካ አባዶ፣ በሰፈራችን ኮሙናል ውስጥ ለልጆችና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። በመጨረሻ የተጠየቅኩትንም አስገብቼዋለሁ።)

እንዴት ዋላችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ልጆች ወደፊት ኑና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። መብራት ስለሌለ ማይክ የለም፣ ቀረብ ብንል ይሻላል። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በኋላ ሒሳቡ እንዳያጣላን ከወዲሁ ልናገር።

አክሱም ሲባል ሁላችንም ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ሐውልቱ ነው። እንግዲያው ከሱ ልጀምር። ትልቁ፣ ወድቆ የተሰባበረው፣ 33 ሜትር ገደማ ይሆናል። 520 ቶን ይመዝናል ተብሎ ይገመታል። የተቀረጸው ባለ 13 ፎቅ ሕንጻ መስሎ ነው። ከጎናችን ያለው ብሎክ ጂ ፕላስ ፎር ነው፣ እናንተው አስሉት። ከግርጌው የድንጋይ በር አለው፣ ከዚያ በላይ መስኮት በመስኮት ነው። ሁሉ ነገር አለው። ጽሑፍ ግን የለውም።

አዎ፣ አንዲት ፊደል የለችበትም። በ1937 ጣሊያኖች ወደ ሮም የወሰዱት፣ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰው፣ 24 ሜትር የሚሆነው ሐውልትም ያው ነው። ማን እንዳስቆመው አይናገርም። ለማን እንደቆመም አይናገርም። ያን የሚያህል ድንጋይ ያስፈለፈለ፣ ያስጎተተና ያስቆመ ሰው ስሙን ሳያስጽፍ ሄደ! ዛሬ “የእገሌ ነው” የምንለው በኋላ የተለጠፈ ስም ነው።

ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሐውልቱ አይደለም። ስለተጻፈው ነው።

መጀመሪያ ግን አክሱም ያጣችውን እንቁጠር። ወደቧ አዱሊስ ጠፋ፤ ፍርስራሹ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ፣ ከምጽዋ በስተደቡብ ነው። ገንዘቧ ቀረ። ከ270 ገደማ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም ስታወጣ የኖረች ከተማ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን አቆመች። የቀይ ባሕር ንግድ ከእጇ ወጣ። ነገሥታቱ ወደ ደቡብ ወረዱና እዚያው ቀሩ፤ ላስታ፣ ሸዋ፣ ጎንደር፣ በመጨረሻም እዚህ አዲስ አበባ። በ1535 የግራኝ አሕመድ ጦር ሲደርስ ትልቁ ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጠለ። በቅርቡ ጦርነት የደረሰባትን ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነካ አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። እሱ የራሱ ቀን ይገባዋል፣ የሚናገረውም እዚያ የነበረ ሰው ቢሆን ይሻላል።

ይህን ሁሉ ያጣች ከተማ ብዙ ጊዜ እርሻ ትሆናለች። መጠራንና ቆሐይቶን ውሰዱ። በአክሱም ዘመን ሁነኛ ከተሞች ነበሩ፤ ዛሬ ከአርኪዮሎጂ ሰዎች ሌላ ማን ያነሳቸዋል? አክሱም ግን ዋና ከተማ መሆኗ ካበቃ በኋላ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ነገሥታት ሲጠሯት፣ ሲማሉባት፣ ሊነግሡባት ሲመጡ ኖሩ። እንዴት? የኔ መልስ አጭር ነው። ተጽፋ ስለነበረ ነው። መጻፉንም ስላላቆመች።

ስለ አካባቢው ገዢዎች ከተጻፉት ቀደምት ወሬዎች አንዱ በጣም ያስቀኛል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን፣ ስሙን የማናውቀው አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ነጋዴ ለብጤዎቹ የባሕር መንገድ መመሪያ ጻፈ። የት ወደብ ምን ይሸጣል፣ ምን ይገዛል፣ ማን ያታልላል፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። አዱሊስ ሲደርስ ከዚያ ወደ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ እንደሆነ፣ የዝሆን ጥርሱም ሁሉ ከዚያ እንደሚመጣ ይነግረናል። ዞስካሌስ ስለሚባለው ገዢ ሲያወራ ደግሞ ሰውየው ገንዘብ ላይ ስስታም ነው፣ ሁልጊዜ ጨምሩልኝ ባይ ነው፣ በቀረው ግን ጨዋ ነው፣ የግሪክ ጽሕፈትም ያውቃል ይላል። ነጋዴ ሲሰልል እንዲህ ነው። ገዢው ጠንቃቃ መሆኑንና ማንበብ መቻሉን አየ፤ ለንግድ የሚያስፈልገው እሱ ነበር።

ከዚያ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ኢዛና መጣ። የኢዛና ድንጋይ የሚባሉ በርካታ ጽሑፎች አሉ፤ እኔ የምወደውን አንዱን ላሳያችሁ። ገበሬዎች ያገኙት ነው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶለት እዛው የተገኘበት ቦታ ላይ ቆሟል። ሙዚየም ያልወሰዱት ለምንድን ነው ብትሉ፣ ጽሑፉ ራሱ ይህን የሚነቅል ይነቀል ብሎ ስለሚራገም ነው ይሏችኋል። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው እርግማን እስካሁን ሥራ ላይ ነው! የኛ ሰፈር ጥበቃ እንኳ እንደዚህ አይሠራም።

ጽሑፉ ስለ ቤጃዎች ነው። ቤጃዎች ዐመፁ፣ ንጉሡ ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን ላከባቸው፣ እነሱም ስድስት የቤጃ ነገሥታትን ከ4,400 ሰዎቻቸው ጋር ይዘው መጡ። ንጉሡ አልፈጃቸውም። ከብት ሰጥቶ ሌላ አገር አሰፈራቸው። እዚህ ላይ ነው እኔ የምቆመው፤ ድንጋዩ በመንገድ ላይ በነበሩበት አራት ወር ምን እንደበሉ ይዘረዝራል። የስንዴ ዳቦው፣ ሥጋው፣ ጠላውና ወይኑ፣ ውሃው ሳይቀር። አሸነፍኩ ብሎ የሚያስጽፍ ንጉሥ ሞልቷል። ያስማረከውን ሰው ቀለብ የሚያስመዘግብ ግን ከኋላው የሚቆጥር፣ የሚጽፍና የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ያለው ቤተ መንግሥት ነው።

ይኸው ነገር ሦስት ዓይነት ሆኖ ተጽፏል። አንዱ ግሪክ ነው። ሁለቱ ግዕዝ ናቸው፤ አንዱ በራሱ በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው በባሕር ማዶው በሳባውያን ፊደል። ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ መጻፉ ለምን አስፈለገ? እኔ የሚመስለኝ ለክብር ነው። ንጉሡ ማዕረጉ ውስጥ በዛሬዋ የመን ያሉትን ሂምያርንና ሳባን የኔ ናቸው ይላል፤ የነሱን ፊደል ድንጋዩ ላይ ማስቀመጡ ያን ማዕረግ ለዓይን ማሳየት ነው። እና ልብ በሉ፣ ከነዚያ ሁሉ አገሮች በፊት፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው “ንጉሠ አክሱም” የሚለው ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እገዛለሁ የሚል ሰው ማዕረጉን የሚጀምረው በከተማው ነው።

ልጆች፣ እዚህ ላይ እናንተን የሚመለከት ነገር አለ። በዚህ ድንጋይ ላይ ያለው ግዕዝ ሁ፣ ሂ፣ ሃ የለውም። አናባቢ የለውም፣ አንባቢው በልቡ ይሞላል። በዚያው በኢዛና ዘመን በተጻፈ ሌላ ድንጋይ ላይ ግን ፊደሉ ሰባቱን መልክ ይዞ ይመጣል። ዛሬ ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ የምትቆጥሩት እሱ ነው። በአንድ ንጉሥ ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። በዚያው ዕድሜ ውስጥ አምላኩም ተለወጠ፤ በፊተኛው ድንጋይ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፣ በኋለኛው የሚያመሰግነው የሰማይን ጌታ ነው። ሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃ ወርዶ መስቀል ወጣ። የታሪክ መምህራን ክርስትና ወደ አክሱም መቼ ገባ ለሚለው ጥያቄ ማስረጃ ሲያቀርቡ የሚቆጥሩት እነዚህን ነው።

ሳንቲሙን ካነሳሁ አይቀር፣ አክሱም የራሳቸውን የወርቅ ገንዘብ ካወጡት የዚያ ዘመን ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነች። ወርቁ ላይ የተጻፈው በግሪክ ነው፣ ለውጭ ነጋዴ ስለሚሄድ። መዳቡ ላይ ግን እየቆየ ግዕዝ ገባ፣ ለአገር ውስጥ ገበያ ነዋ። ከመዳቦቹ አንዳንዶቹ ላይ ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ጽሑፍ ዙሪያውን ይዞራል። ሽንኩርት ሲገዛ የሚቀባበሉት ገንዘብ ላይ ነው እንግዲህ። እኔ ንጉሥ ብሆን እንዲህ ብዬ አስጽፍ ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ፣ መልሱን ለራሴ ልተወው።

አሁን ደግሞ ቅጂ ስለሚባለው ነገር። በ520ዎቹ አካባቢ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ደረሰ። ይሄ ሰው ምድር ክብ ናት የሚሉትን ሲሞግት የኖረ ነው፣ እንደ ሣጥን ናት ባይ ነው፤ በዚያ ነገር ባትከተሉት ይሻላል። ግን ዓይኑ ጥሩ ነበር። በዚያን ጊዜ አጼ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት እየተሰናዳ ነበር። ንጉሡ ለአዱሊስ ሹም ላከና እዚያ በር ላይ ያለውን የዙፋንና የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጣችሁ ላኩልኝ አለ። ሹሙም ኮስማስንና ሜናስ የተባለ ጓደኛውን አዘዘ። ገለበጡ፣ ለሹሙ ሰጡ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ለራሳቸው አስቀሩ።

ድንጋዩም ዙፋኑም ዛሬ የሉም። ቅጂው አለ። በዚያ ቅጂ ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ የወጋቸውን ሕዝቦች አንድ በአንድ ይጠራል፤ በረዶ ያለበት ተራራ እንዳቋረጠ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ እንደሚሰጥም ሁሉ ይናገራል። ስሙን ግን አናውቀውም፣ ከላይ ያለው ክፍል ቀድሞ ስለጠፋ ኮስማስ አላገኘውም። ካሌብ ቅጂውን የፈለገው ለምን ነበር? ባሕር ሊሻገር የተነሳ ንጉሥ፣ ቀድሞ የተሻገረውን ሰው ቃል ማንበብ ፈለገ። እኔ እንደዚህ ነው የምረዳው። አባቶቹ የጻፉትን ሳያይ አልዘመተም።

መጻሕፍቱ ጋ ስንመጣ ብዙ ልላችሁ እችል ነበር፣ ግን ቀኑ አይበቃም። መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዚያ በአክሱም ዘመን ነው። መጽሐፈ ሄኖክ አብሮ ተመለሰ። ሌላው ዓለም ሄኖክን ጣለው፣ ጠፋበትም፤ ሙሉውን ያስቀረው ግዕዝ ብቻ ነው። ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1773 ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ሲገባ ነው እነሱ ሙሉውን ያዩት። በኋላ በሙት ባሕር ዋሻዎች ውስጥ የአራማይክ ቁርጥራጭ ተገኘና የኛ ሄኖክ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ታየ። ዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌልም አለ። ምሁራን ለረጅም ጊዜ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው ሲሉ ኖሩ፤ ብራናው ኦክስፎርድ ሲመረመር ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። መነኮሳቱ እኮ ድሮም ነግረዋቸው ነበር! አባ ገሪማ በአንድ ቀን ጻፈው የሚለውን ትውፊት እንኳ ትተን፣ ዘመኑን በተመለከተ ከፈረንጆቹ ይልቅ እነሱ ቀርበው ነበር። ስለ ያሬድ አላወራም፣ ሁላችሁም ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር። መንግሥቱ ሄደ። ከተማዋ ትንሽ የካህናት ከተማ ሆነች። ጦር የላትም፣ ግብር አትሰበስብም፣ ንጉሡ ርቆ ነው ያለው። በዚህ ጊዜ ነው እኔን በጣም የሚማርከኝ ሥርዓት የምናየው።

ዘርዓ ያዕቆብ በ1436 ለመንገሥ አክሱም ድረስ ሄደ። ከዙፋን ላይ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶም ቢሆን ሄደ። ከሱ በኋላ ሠርፀ ድንግል ሄደ፣ ሱስንዮስ ሄደ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ንጉሡ በሠራዊቱ ታጅቦ ይመጣል። ከተማዋ መግቢያ ላይ ልጃገረዶች፣ የጽዮን ልጆች የሚባሉት፣ መንገዱ ላይ ገመድ ወጥረው ይጠብቁታል። ማን ነህ ይሉታል። ንጉሥ ነኝ ይላል። አይደለህም ይሉታል። ይመለስና እንደገና ይመጣል። እንደገና ይጠይቁታል፣ እንደገና አይደለህም ይሉታል። በሦስተኛው የጽዮን ንጉሥ ነኝ ይልና ሰይፉን መዝዞ ገመዱን ይቆርጣል። ያኔ እልልታው ይቀልጣል፣ እውነትም አንተ የጽዮን ንጉሥ ነህ ይሉታል፣ መንገዱ ይከፈታል። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወዳሉት የድንጋይ ዙፋኖች ይሄዳል። መቀመጫዎቹ ዛሬም አሉ።

አስቡት እስቲ። በሺህ የሚቆጠር ጋሻና ጦር ከኋላው ያሰለፈ ሰው አንዲት ገመድ የያዘች ልጅ ፊት ቆሞ ራሱን ያስተዋውቃል። ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በርግጥ ሥርዓት ነው፣ ሁሉም መልሱን ያውቀዋል። ግን ጠያቂዋ ማን ናት? ከተማዋ ናት። ይህን የመጠየቅ መብት ከየት አመጣችው?

ከመጽሐፍ አመጣችው። ክብረ ነገሥት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግዕዝ ሲጻፍ፣ መጨረሻው ላይ ጸሐፊው ስሙን አስቀምጧል፤ ይስሐቅ ይባላል። ከዐረብኛ መለስኩት፣ ዐረብኛውም ከቅብጥ የመጣ ነው ይላል። ይስሐቅ ማን ነበር? የአክሱም ንቡረ እድ፣ የከተማዋ ሹም። ንግሥተ ሳባ፣ ሰሎሞን፣ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ ታቦተ ጽዮን፣ ይህ ሁሉ ታሪክ አንድ ላይ ተጠርዞ የወጣው በአክሱም ሰው እጅ ነው። ከዚያ ወዲያ በኢትዮጵያ ሕጋዊ ንጉሥ ነኝ የሚል ሁሉ ዘሩን በዚህ መጽሐፍ በኩል መቁጠር ያዘ፣ መጽሐፉ ደግሞ የሚያደርሰው አክሱም ደጃፍ ነው። ይስሐቅ ለከተማው የሠራላትን ነገር አንድም ግንበኛ አልሠራላትም። ይህን የምለው በአድናቆት ነው፣ ብልጠቱንም ሳልረሳ።

ይህ መጽሐፍ በወረቀት ብቻ የቀረ እንዳይመስላችሁ። በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ላይ ከቴዎድሮስ ግምጃ ቤት መጻሕፍት ሲጭኑ ክብረ ነገሥትም አብሮ ሄደ። አጼ ዮሐንስ አራተኛ ጥር 1872 አክሱም ላይ ነገሡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወደ ለንደን ደብዳቤ ጻፉ። ክብረ ነገሥት የሚባል መጽሐፍ እናንተ ዘንድ አለ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያኑና የአውራጃው ስም በሱ ላይ ነው፣ ያለሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝምና ላኩልኝ የሚል ነው ሐሳቡ። መድፍ ላኩልኝ አይደለም። እንግሊዞችም ላኩ። ከመቅደላ ከሄደው ስንት ነገር ውስጥ በዚያ ፍጥነት የተመለሰ ሌላ ነገር ለማግኘት ትቸገራላችሁ።

ዮሐንስ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ያሉት ለተረቱ አይደለም፣ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የተጻፈው የርስትና የሹመት ዝርዝር ነው ጉዳዩ። ይሄ የአገራችን የብራና ልማድ ነው። ወንጌል ይሆናል፣ ድርሳን ይሆናል፣ ባዶው ገጽ ላይ ግን የመሬት ውል ይጻፍበታል፣ ቅዱስ ነገር ላይ ያለውን ማንም አይፍቅም ተብሎ። አክሱም ደግሞ ለዚሁ ነገር ራሱን የቻለ መጽሐፍ አላት፣ መጽሐፈ አክሱም። ቤተ ክርስቲያኑ ርዝመቱ ስንት ክንድ ነው፣ ዓምዱ ስንት ነው፣ የትኛው መንደር ለጽዮን ይገብራል፣ ከተማዋ ውስጥ የገባ ስደተኛ እንዴት ይጠበቃል፣ ማን ሰጠ፣ ማን መሰከረ። ባጭሩ የከተማዋ ካርታ ነው። (እዚህ ላይ ሳቅ ሆነ። የካ አባዶ ላይ ካርታ የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው ሳቅ ሳይሆን ጩኸት ካልገጠመው ዕድለኛ ነው።) እና እንደኛው ሰፈር፣ ከካርታዎቹ ውስጥ ጥርጣሬ ያለባቸው አሉ። አንዳንዱ ስጦታ ከአብርሃና አጽብሃ ጊዜ ጀምሮ ነው ይላል፤ አጻጻፉ ግን ብዙ መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ሰው ነው። ሰው መሬቱን ሊነጠቅ ሲል የድሮ ንጉሥ ስም ይጠራል። እኔ ይህን ውሸት ብዬ አልጥለውም፤ እነዚያ ካህናት ማስረጃ የሌለው ይዞታ እንደማይጸና ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

የገመዱ ነገር የት ቀረ ትሉኝ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1889 ዘውድ የጫኑት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ኃይለ ሥላሴ በ1930 አዲስ አበባ ጊዮርጊስ። አክሱም ድረስ የሄደ የለም። ግን በ1955 የወጣውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ክፈቱት፤ የንጉሡ ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ሳይቋረጥ የመጣ ነው ይላል። የይስሐቅ መጽሐፍ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች፣ እስከ 1974 ድረስ።

የኔ ንግግር ይኸው ነበር። ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነው።

አንድ ልጅ ልጃገረዶቹ ገመዱን ገፍተው አላስገባም ቢሉስ አለኝ። አንዱንም ንጉሥ መለሱት የሚል አላነበብኩም። ሰይፉ የሱ ነው፣ ገመዱ ቀጭን ነው። ግን ነገሥታቱ ሁሉ ቆመው ለጥያቄው መልስ ሰጡ፤ እኔን የሚገርመኝ ያ ነው።

ከፊት የተቀመጡ አባት ደግሞ ቆጣ ብለው “አንተ ልጅ፣ ክብረ ነገሥትን ተረት ልታደርገው ነው እንዴ?” አሉኝ። አይ ጋሼ፣ እንዲያ አላልኩም። ስለ አሥረኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት ክርስቶስ ምስክር አድርጌ አላቀርበውም፣ ይህን በግልጽ ልናገር። ስለ 14ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከሱ የተሻለ ምስክር የለኝም። በዚያ ላይ ሥነ ጽሑፍ ነው። ሰሎሞን ንግሥቲቱን በቅመም በበዛበት ግብዣ አስጠምቶ፣ ሌሊት ውሃ ስትጠጣ መሐላ አፈረስሽ ብሎ የሚይዝበትን ቦታ ያነበበ ሰው፣ ጸሐፊው ወግ እንደሚያውቅ አይጠፋውም። ጋሼ ሳቁና “እሱስ እውነት ነው” አሉ። ያልተስማማነውን ሳንስማማ አለፍነው።

ከኋላ ደግሞ ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታችን ተነሳች። “እኛስ? ነጃሺን አልጠራኸውም” አለች። ልክ ናት፣ ሰዓት ስላሳጠረኝ ነበር ያለፍኩት፣ ግን ማለፍ የሌለበት ነገር ነው። በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች የመጡት ወደ አክሱም ንጉሥ ነው። አክሱም ሳንቲም ማውጣት ልታቆም በተቃረበችበት ጊዜ ማለት ነው። ዐረቦች ያን ንጉሥ አልረሱትም፤ የነቢዩ የሕይወት ታሪክ ውስጥ አለ፣ ሐዲስ ውስጥ አለ። ኡሙ ሰለማና ኡሙ ሐቢባ በሐበሻ ያዩትን፣ ማርያም የምትባል፣ ሥዕል ያለባትን ቤተ ክርስቲያን ለነቢዩ እንደነገሯቸው በሐዲስ ተጽፏል። ስለ ሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከቀደሙት ምስክሮች አንዱ እንግዲህ ከሙስሊም ሴቶች አፍ ነው። አክሱም ውስጥ ዛሬም ሙስሊሞች ይኖራሉ፣ ከተማዋ ውስጥ መስጊድ የመሥራት ጥያቄያቸው ግን እስካሁን እልባት አላገኘም። የከተማዋ መጻሕፍት አንዱን ወገን አብዝተው ጻፉ፣ ሌላውን ተዉት። የተጻፈ ነገር እንደሚያቆይ ሁሉ ያልተጻፈውን ያስረሳል፣ ያስከለክላልም። ይህን ካልጨመርኩ ንግግሬ ግማሽ ነበር፣ ስለዚህ አመሰገንኳት። እሷም “በኋላ ሻይ ትከፍላለህ” አለችኝ።

የመጨረሻው ጥያቄ ይህን ሁሉ የት ሄደን እናያለን የሚል ነበር። አክሱም መሄድ የቻለ ኅዳር 21 ለጽዮን በዓል ይሂድ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከተማዋን ሞልቷት ያያል። አልጋ ግን ቀድማችሁ ያዙ። ያልቻለ እዚሁ ከተማ ውስጥ ይጀምር። የአክሱም ሳንቲሞች አምስት ኪሎ አጠገብ ብሔራዊ ሙዚየም አሉ፣ ትንንሽ ስለሆኑ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ብራና ለማየት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ። ከዚህ ታክሲ ይዛችሁ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከዚያ በእግር ይደረሳል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ መታወቂያ ይጠይቃሉና የቀበሌያችሁን ይዛችሁ ውጡ።